ማርቆስ ላይ ሂተሩ የመብራት ካርድ ጨረሰብኝ፣ ባሕር ዳር ያለው ወንድሜ ደግሞ ኤሲ ልግዛ ይላል

የማርቆሱ ልጅ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤቱ የራሳችን ነው። ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ሳሎኑ የማዳበሪያ ኮርኒስ አለው። መኝታ ክፍሎቹ ግን ባዶ ናቸው፣ ተኝተህ ቀና ስትል ማገርና ቆርቆሮ ነው የምታየው። ብር ሲገኝ ይሠራል እያልን አራት ዓመት ሆነው።

ዘንድሮ እናቴ ከገጠር መጥታ እኛ ጋ ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ብርድ አትችልም። የታኅሣሥን የማርቆስ ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ነፋሱ ከጮቄ በኩል ይወርዳል፣ አንዳንድ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ሁለት ቡልኮ ደርባ ተኝታም እግሯ አይሞቅላትም።

ስለዚህ ሂተር ገዛሁ። ዘይት ያለው፣ የመኪና ራዲያተር የሚመስለው፣ 2,000 ዋት ይላል። ማታ 1 ሰዓት ላይ እንከፍተዋለን፣ 6 ሰዓት ላይ ተነሥቼ አጠፋዋለሁ። ክፍሉ ለዘብ ይላል እንጂ ሞቀ የሚባል አይደለም። ካጠፋሁት በኋላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይቆይም፣ እንደነበረው ነው። ካርዱ ግን ሄደ በቃ። ወር የሚያደርሰን የነበረው አሁን አሥር ቀን ከደረሰ ተመስገን ነው። ሶኬቱም ትንሽ ጠቁሯል፣ ግን ይሠራል።

ሻጩን ብጠይቀው «ዘይት ያለው ይበላል፣ ባለ ፋኑን ውሰድ፣ እሱ ቆጣቢ ነው» አለኝ። እውነት ነው? እናቴ ደግሞ ከሰል አግቡልኝና ልተኛ ትላለች። በየማታው «የድሮው ጭቃ ቤቴ ይሻለኝ ነበር» ማለቷም አልቀረም፣ ይሄ እንኳ ጥያቄ አይደለም፣ ሆዴን ስለሚበላኝ ነው የጻፍኩት።

ሁለተኛው ጉዳይ የታናሽ ወንድሜ ነው። ባሕር ዳር ፎቅ ላይ ተከራይቷል፣ የመጨረሻው ወለል፣ በላዩ ሶሌታው (የሲሚንቶ ጣሪያው) ብቻ ነው ያለው። ባለፈው ሚያዝያ መተኛት አልቻልንም ብለው ልጆቹን በረንዳ ላይ ነው ያስተኛው። አሁን ኤሲ ለመግዛት እያጠራቀመ ነው። 12 ሺህ ቢቲዩ (የኤሲ ጉልበት መለኪያው) ይበቃዋል ወይስ 18 ሺህ? የምታውቁ ንገሩን።

ሽቦና ብሎን

ባሕር ዳር ነኝ፣ ሥራዬ መብራት ዝርጋታና የማቀዝቀዣ ጥገና ነው።

ከሁሉ በፊት ሂተሩን ንቀለው። ዛሬ። «ትንሽ ጠቁሯል ግን ይሠራል» ያልከውን ሳነብ ነው ደሜ የፈላው። 2,000 ዋት በ220 ቮልት ሲሰላ 9 አምፔር አካባቢ ነው፣ እሱን ለአምስት ሰዓት ያለ ዕረፍት እየሳብክበት ነው። ሶኬት የሚጠቁረው ውስጡ የላላ ነገር ሲኖር ነው፣ የላላ ቦታ ይግላል፣ የጋለ ደግሞ የበለጠ ይላላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሌሊት እናትህ ተኝታ ሳለ ይያያዛል። በዲቫይደር ሰክተኸው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ሂተር፣ ምጣድ፣ ምድጃ በዲቫይደር አይሰካም። ደህና ሶኬት አስገባ፣ ከብሬከሩ ጀምሮ ለብቻው 2.5 ሽቦ አስጎትትለት።

ወደ ሻጩ እንምጣ። ሰውየው ዕቃ መሸጥ ነው ሥራው፣ አልፈርድበትም፣ ግን ተሳስቷል። ባለ ዘይቱም፣ ባለ ፋኑም፣ ያ ቀይ ሆኖ የሚግለውም አንድ ናቸው። 1,000 ዋት የበላ 1,000 ዋት ሙቀት ይሰጣል፣ አይጨምርም አይቀንስም። ልዩነቱ ሙቀቱን የት ያደርሰዋል የሚለው ነው። ባለ ፋኑ አየሩን ቶሎ ያሞቃል፣ ሲጠፋ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ባለ ዘይቱ ቀስ ይላል፣ ጠፍቶም ትንሽ ይቆያል። ቀዩ ደግሞ አየሩን ትቶ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ነው የሚያሞቀው፣ ልክ እንደ ፀሐይ። ክፍሉ የሚያፈስስ ከሆነ እንዲያውም ቀዩ ይሻላል፣ አየሩ ቢሄድም ሰውየው ይሞቃልና። ግን ተኝቶ መተው የለም፣ ብርድ ልብስ ከነካ ያቃጥላል።

ሒሳቡን ልሥራልህ። 2,000 ዋት ለ5 ሰዓት ማለት በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር 300። የመብራት ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፣ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው ርካሹ፣ ከዚያ በላይ በየእርከኑ ዋጋው ይወጣል። አንተ ድሮ ታች ነበርክ፣ ሂተሩ ጎትቶ ላይ አወጣህ። ካርድህ ቶሎ ያለቀው ብዙ ስለበላህ ብቻ አይደለም፣ እያንዳንዱ ጉርሻም ስለተወደደብህ ነው።

የወንድምህን ነገር ማታ እጽፋለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

ኮርኒስ ሠሪው

ፍኖተ ሰላም ነኝ፣ አናጢ ነኝ።

እናትህ እውነቷን ነው ወንድሜ። ሆድህን አይብላህ፣ አድምጣት።

የድሮው ቤት ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ነው፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ቀስ እያለ ይተፋል። ጣሪያው ሣር ነው፣ ሣር ውስጡ አየር ይዟል፣ አየር የያዘ ነገር ሙቀት አያሳልፍም። ጋቢ ለምን ይሞቃል? ጥጡ ስለሚሞቅ አይደለም፣ በድርቡ መሐል አየር ስላለ ነው። አንተ ደግሞ እሷን አምጥተህ ቆርቆሮ ሥር አስተኛሃት። ቆርቆሮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። ዝናብ ይከለክላል፣ ከዚያ ውጪ ሜዳ ላይ እንደመተኛት ቁጠረው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ላይ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አለ? ካለ ቆርቆሮው አልቦት ነው። ጥርት ያለ ሰማይ ሲሆን ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየላከ ከውጪው አየር እንኳ የባሰ ይቀዘቅዛል። እናንተ ከታች የምትተነፍሱት እርጥበት እሱ ላይ ሄዶ ውሃ ይሆናል። ሰው ያፈስሳል ብሎ ሬንጅ ሲያስቀባ፣ ቆርቆሮ ሲያስቀይር አይቻለሁ። የሚያፈስስ ነገር የለም።

ለስሌት ያህል፣ ክፍሉ 4 በ4 ነው እንበል። ውስጡ ከውጪው በ10 ዲግሪ እንዲሞቅ ብትፈልግ በባዶ ቆርቆሮ ብቻ ከ1,000 ዋት በላይ በጣሪያው ይወጣል። ከሂተርህ ግማሹ ማለት ነው፣ ግድግዳውና በሩ ገና ሳይቆጠሩ። ኮርኒስ ብቻ ብትመታበት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከኮርኒሱ በላይ 5 ሳንቲ የሚሆን ሙቀት የሚይዝ ነገር ብታነጥፍበት 100 ዋት አካባቢ ብቻ ነው የሚወጣው። አንድ የድሮ አምፖል። ቀዳዳ እንስራ ይዘህ ምንጭ አትመላለስ፣ እንስራውን ድፈነው።

ምን ላንጥፍ ትላለህ። ግላስ ውል (ከመስታወት የሚሠራው ጥጥ መሳይ ነገር) ካገኘህ እሱን፣ አይቃጠልም፣ ሲሠራ ግን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ፣ ያሳክካል። ያ ነጩ ፎም፣ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ዓይነት፣ ይሠራል፣ ግን እሳት ይወድዳል፣ የመብራት ሽቦ በላዩ እንዳይተኛ። ጭድ የሚያነጥፉ አሉ። እኔ አልመክርም፣ አይጥ ይወልድብሃል፣ ከዚያ የአይጡ ጩኸት ከብርዱ ይብሳል።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር። ቆርቆሮው ሞገድ አለው አይደል? ግድግዳው ጫፍ ላይ ሲያርፍ በየሞገዱ ሥር ክፍተት ይቀራል፣ እጅ የሚያስገባ። ያ ሁሉ ነፋስ ነው። ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር በደንብ ከተገጣጠመ ያ ክፍተት ከላይ እንዳለ ይሁን፣ ጣሪያው እንዲተነፍስ ይጠቅማል፣ አለዚያ እንጨቱ ይበሰብሳል። ነፋሱ ክፍሉ ውስጥ ግን አይግባ። የበሩን ሥርም በአሮጌ ጨርቅ ወይ በጎማ ዝጋ።

ከዊኒፔግ

የቢቸና ልጅ ነኝ፣ ካናዳ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። እዚህ በክረምት ከዜሮ በታች 30 ይደርሳል፣ ግን ቤት ውስጥ በቲሸርት ነው የምንውለው። አናጢው ያለው ልክ ነው። እዚህ ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚታሰበው ጣሪያውና ግድግዳው ውስጥ የሚገባው ሱፍ ነው፣ ማሞቂያው ኋላ ነው የሚመጣው። ደግሞ ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ቀን 20፣ ስንተኛ 17 እናደርገዋለን። ሌሊት ዝቅ ማድረጉ ብቻ ብዙ ያድናል፣ ሰው ለሊቱን ሙሉ ተሸፍኖ ነውና ያለው።

እዚያም ቴርሞስታት ብታስገቡ ጥሩ ነበር።

ጮቄ ሥር

@ከዊኒፔግ ወንድሜ እኛ ጋ ቴርሞስታቱ ጋቢ ነው። ሲበርድ ይደረባል፣ ሲሞቅ ይወልቃል። ባትሪም አይፈልግም 😄

ግን ከምር ሌሊት ዝቅ ይበል ያልከው ልክ ነው። ሰውየውን ማሞቅና ክፍሉን ማሞቅ ይለያያሉ። እኔ አባቴን የማደርግለት፣ የፈላ ውሃ በላስቲክ ከረጢት (ፋርማሲ የሚሸጠው ቀዩ) ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከመተኛቱ በፊት እግሩ ጋ አገባለታለሁ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሙቀት አለው። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ማፍላት በሁለት ሺህ ዋት የውሃ ማፍያ አምስት ደቂቃ ነው፣ ያንተ ሂተር አምስት ሰዓት። እስቲ አስበው።

የእንጅባራዋ

ከሰሉን ሁላችሁም ዘለላችሁት። እኔ ልናገር፣ ተርፌ ነውና የምጽፈው።

እኛ አገር ከሰል ሞልቷል። ፋግታ በኩል ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ያልተከለ ገበሬ አልነበረም፣ ማሳው ሁሉ ዛፍ ሆኖ ነበር፣ ዛፉ ከሰል ይሆናል፣ ከሰሉ አዲስ አበባ ይሄዳል። ስለዚህ ሲበርድ እጅ የሚሄደው ወደ ምድጃው ነው። እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዷን አትጠይቁኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የገና ዋዜማ ነው። ከአክስቴ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተኛን። ቡና የተፈላበት ምድጃ ፍም ሆኖ ነበር፣ ጭስ የሚባል የለውም፣ አስገባነው፣ በሩን ዘጋን፣ መስኮቱን ለብርዱ ብለን በጨርቅ ጠቅጥቀነዋል። ሌሊት ራሴን ሲፈልጠኝ ነቃሁ። ትናንት የጠጣሁት ጠላ ነው አልኩ። ለመነሣት ስሞክር እግሬ የእኔ አልሆነም። አክስቴ ለቤተ ክርስቲያን ልትቀሰቅሰን መጥታ በሩን ባትከፍተው ኖሮ እንጃ። ሁለታችንንም ጎትታ ደጅ አወጣችን፣ ስናስመልስ ነጋ። የአክስቴ ልጅ ሳምንት ሙሉ ሲያዞራት ነበር።

ሰው «ጭስ ከሌለው አይጎዳም» ይላል። ተቃራኒው ነው። ጭስ ቢኖረው እያስነጠሰህ ትወጣ ነበር። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ነው፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ፍሙ ቀይ ሆኖ ሲያምርም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከመጣ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር፣ ከዚያ ወደ ሐኪም። አክስቴ አጠገቡ ውሃ ካስቀመጣችሁ ይስበዋል ትለን ነበር። አይስበውም። ውሃው ነበር እኮ።

እና ለእናታችን እንዲህ በልልኝ፣ በድሮው ቤት ከሰልና እንጨት ይነድድ የነበረው ሣሩ ጣሪያ ስለሚተነፍስ ነው፣ ጭሱ በላይ ይወጣል። አሁን አናጢው እንዳለው ኮርኒስ መትተህ፣ በሩን ጠቅጥቀህ ከሰል ካስገባህ ግን መቃብር ሠራህ ማለት ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ወይ ይሄ ወይ ያ። ከሰል የግድ ከሆነ ደጅ ተቀጣጥሎ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ እያለ ብቻ፣ ከመተኛት በፊት ይውጣ። ወጣ ማለት ደጅ ነው፣ ኮሪደር አይደለም።

የማርቆሱ ልጅ

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ያንቺን መልእክት ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና «ታዲያ አጥብቃችሁ ለምን ትዘጋላችሁ» አለች። ከሰሉ ግን ቀርቷል።

@ኮርኒስ ሠሪው ውሃው አለ! ጠብ ጠብ ይላል! እኔ ሚስማሩ ነው ብዬ ሁለቴ ጣሪያ ላይ ወጥቻለሁ እኮ።

@ሽቦና ብሎን አያ የወንድሜን ነገር እየጠበቅን ነው።

ሽቦና ብሎን

መጣሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ሥራችን መብራት ሆኖ ሳለ።

ወንድምህ ኤሲ ከመግዛቱ በፊት ሙቀቱ በየት እንደሚገባ ይወቅ። ሚያዝያ 12 አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ባሕር ዳር አናት ላይ ናት፣ ጥላህ እግርህ ሥር ይገባል። ያን ጊዜ ግድግዳው ብዙም አይመታም፣ የሚመታው ጣሪያው ነው። የእሱ ጣሪያ ደግሞ የሲሚንቶ ሶሌታ ነው። ሶሌታ እንደ ቆርቆሮ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቀን 8 ሰዓት የጠጣውን ሙቀት ማታ 3 እና 4 ሰዓት ላይ፣ ልክ ልጆቹ ሲተኙ፣ ወደ ታች ይተፋዋል። ውጪው ቀዝቅዞ ቤቱ የሚፈላው ለዚህ ነው። ልጆቹን በረንዳ ያስተኛው ተቸግሮ ነው፣ ግን ትክክለኛውን ነገር ነው ያገኘው፣ ውጪው ከውስጡ ይሻል ነበር።

እና መድኃኒቱ ሁለት ነው። ሶሌታው እንዳይግል ማድረግ፣ የጋለው ደግሞ ሌሊት እንዲወጣ ማድረግ። ለመጀመሪያው፣ ከላይ ነጭ ኖራ ማስቀባት። የሚገርም ለውጥ አለው፣ ነጭ ነገር አብዛኛውን ፀሐይ ይመልሰዋል። ዝናብ ስለሚያጥበው በየዓመቱ ከበጋው መጨረሻ በፊት ይደገማል። አቅም ካለ ደግሞ በላዩ ሼድ ማሠራት፣ ቆርቆሮው ይጋል፣ ከሥሩ ነፋስ ይለፍ፣ ሶሌታው ጥላ ይሁን። ለሁለተኛው፣ ቀን መስኮትና መጋረጃ ዝግ፣ ማታ ፀሐይ ገብታ ውጪው ሲቀዘቅዝ ፊትና ኋላ ተከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ። ሰው ተገላቢጦሽ ነው የሚያደርገው፣ ቀን ይሞቃል ብሎ ይከፍታል፣ ማታ ትንኝ ፈርቶ ይዘጋል። ትንኙ እውነት ነው፣ ወባ አለ፣ ስለዚህ መስኮቱ ላይ ወንፊት ያስመታ። የወንፊት ዋጋ ከኤሲ ጋር አይነጻጸርም።

ከዚያ የኮርኒስ ፋን። 60 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው። 12 ሺህ ቢቲዩ ኤሲ 1,100 ዋት አካባቢ። አንድ ኤሲ የሚበላው 18 ፋን ያዞራል። ፋን ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ላብህን ነው የሚያደርቀው፣ ሰውነትህ ነው የሚቀዘቅዘው። ሰው በሌለበት ክፍል የሚዞር ፋን ሞተሩ ያሞቀዋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ጣና ዳር

@ሽቦና ብሎን ኧረ በፋን ብቻ አትሸኘው። እኔ ሁሉንም ሞክሬ ነው ኤሲ የገባሁት። ሕፃን ያለበት ቤት ነው፣ አንዳንድ ቀን ነፋሱም ራሱ ትኩስ ነው። ብቻ ሞኝ ሆኜ የከፈልኩበትን ልንገረው፣ እሱ እንዳይከፍል።

ሪሞቱን 16 ላይ አድርጌ ነበር የምከፍተው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል ብዬ። ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ እስኪደርስ አያርፍም እንጂ። አሁን 25 ላይ ነው፣ ከፋን ጋር። ማጣሪያውን ስምንት ወር አልከፈትኩትም፣ ሠራተኛው ሲያወጣው አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወጣ። «ጋዝ አልቋል» ብሎ ሁለቴ የሞላልኝም ሰው ነበር።

ሽቦና ብሎን

ጋዝ አያልቅም! ቤንዚን አይደለም እኮ። ታሽጎ ነው የሚዞረው። ከጎደለ ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳውን ሳያገኝ የሚሞላ ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ብርህን ሊወስድ ነው።

ኤሲ የግድ ከሆነ 12 ሺህ ለ4 በ4 ክፍል ይበቃል። 18 አያስፈልገውም፣ ኖራውን ከቀባ በተለይ። ኢንቨርተር የሆነውን ይግዛ፣ ቀስ እያለ ነው የሚሠራው፣ እየጠፋ እየተነሣ መብራት አይጎትትም። የውጪው ማሽን ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፣ ግድግዳ ላይ አይለጠፍ፣ ይተንፍስ። ቮልቴጁ ለሚዋዥቅበት ሰፈር ስታብላይዘር። መብራት ሄዶ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ጠብቆ ይክፈት፣ ኮምፕሬሰሩን የሚጨርሰው እሱ ነው። ደግሞ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ናት፣ አየሩ ከባሕር ወለል ካለው በ15 ከመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ሙሉ አይሰጥም፣ ትንሽ ይቀንሳል።

አሁን የምለውን ግን አትሣቁ። ኤሲው የሚያስፈልገው ማርቆስ ነው።

ጮቄ ሥር

😂😂😂 ማርቆስ ኤሲ! የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ አገር ላይ! ሐውልቱ ራሱ ይሥቃል

ሽቦና ብሎን

ሣቅ፣ ከዚያ ስማ። ፍሪጅህ ጀርባው ይሞቃል አይደል? ያ ሙቀት ከየት መጣ? ከውስጥ ካለው ወተትህ ነው የወጣው። ኤሲም ያው ነው፣ ሙቀትን ከዚህ ወደዚያ ያሻግራል እንጂ አይፈጥርም። ገልብጠህ ብታዞረው ደጁን አቀዝቅዞ ቤትህን ያሞቃል። ደጁ 5 ዲግሪ ቢሆንም አየሩ ውስጥ ሙቀት አለ፣ ለእኛ ስለበረደን ነው የለም የምንለው። እንዲህ ሲሠራ 1,000 ዋት መብራት በልቶ 3,000 ዋት ገደማ ሙቀት ያገባልሃል። ሂተር 1,000 በልቶ 1,000 ነው። ያሻገረው እና ያቃጠለው እኩል አይሆኑም።

ግን ሁሉም ኤሲ አይገለበጥም። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ከሌለው ማቀዝቀዣ ብቻ ነው፣ አትግዛው። ውርጭ ባለበት ሌሊት የውጪው ማሽን በረዶ ይይዘዋል፣ በረዶውን ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀት ያቆማል፣ ይተንናል፣ ሰው ተቃጠለ ብሎ ይደውልልኛል። አልተቃጠለም።

አሁን ሂድና ግዛ አላልኩም ደግሞ። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ ባዶ ቆርቆሮ ሥር መግጠምም እብደት ነው። ኮርኒሱ ይቅደም። ምናልባት ከኮርኒሱ በኋላ ምንም ላያስፈልግህ ይችላል።

የማርቆሱ ልጅ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሥራ ላይ ነበርን።

የእናቴን ክፍል ብቻ ነው የሠራነው፣ ለሁሉም አልደረሰም። ቺፕውድ ኮርኒስ፣ በላዩ ፎም፣ ግላስ ውል እዚህ አላገኘሁም። ሽቦውን በቱቦ አሳልፈን ከፎሙ አራቅነው። የበሩን ሥር በጎማ ዘጋሁት። የመጀመሪያው ማታ ሂተሩን በልማዴ ሙሉ ላይ ከፈትኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እናቴ ጠራችኝ። ምን ሆንሽ ስላት «አፈነኝ፣ በሩን ክፈተው» አለች። እኔ ደስታዬን የት ላድርሰው።

አሁን ሂተሩ ላይ ያለችውን ትንሿን ማብሪያ ነው የምጠቀመው፣ 800 ዋት ናት፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት። ከዚያ ቀዩ የውሃ ከረጢት እግሯ ጋ ይገባል። ጠዋት ውሃ የሚያንጠባጥብ የለም። ካርዱ የድሮውን ያህል ባይሆንም ከሃያ ቀን አልፏል። ኤሲው ለጊዜው ይቆየን፣ በተራ የእኛን ክፍል ኮርኒስ ልምታ።

ወንድሜ ፋንና ወንፊት አስገብቷል። ኖራውን አከራዩ «በራስህ ወጪ ከሆነ ቀባ» ብሎታል፣ የካቲት ላይ እቀባለሁ ይላል። ሚያዝያን እናያለን።

ኮርኒስ ሠሪው

በጣም ደስ ይላል። እናታችንን ሰላም በልልኝ። ኮርኒሱ ላይ አንዲት መፈተሻ ቀዳዳ በክዳን ትተሃል አይደል? በየስድስት ወሩ አይጥ ሽቦውን እንዳልበላው በባትሪ እይ።

ሽቦና ብሎን

ሁሉንም ነገርከን። ሶኬቱን ቀየርከው?

የማርቆሱ ልጅ

ነገ።

ሽቦና ብሎን

ቁጥርህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ማርቆስ የማውቀው ልጅ አለ፣ ዛሬ ማታ ይመጣል።